ባለቤቱ የተሰረዘ ድምፅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ስልኬ የሚጮኸው አንድም ለለቅሶ አንድም ለሰርግ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን በእኔ ቦታ የተተካው ባለሙያ ከሬዲዮ ጣቢያው ደወለና ሰላምታውን እንኳ በወጉ ሳይጨርስ፣ «አዴ ውብነሽ፣ የድምፅ መቅጃው ፓኬጅ ማራገፊያ ስክሪፕት ጎዶሎ ነው። ፕሮግራሙን ያነሳል፣ ሲጫን የፈጠረውን ተጠቃሚ ግን አይሰርዝም። ረስታችሁት ነው? ልጨምርበት?» አለኝ። «እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። የጎረቤት ዶሮዎች ሳይቀሩ የደነገጡ መሰለኝ። ተረጋግቼ ምክንያቱን ላስረዳው ስጀምር ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ሄደ። በስልክ ያላለቀውን ነው እንግዲህ የምጽፈው። የኮምፒዩተር ነገር አለበት፤ የሞተች እናቱን ድምፅ አንዴ ለመስማት የመጣ ሰውም አለበት።

እኔ ነቀምቴ ተወልጄ ያደግሁ የጎጃሜ ነጋዴ ልጅ ነኝ። ቤታችን ውስጥ አማርኛ፣ ከበሩ ወዲያ ኦሮምኛ ነበር የሚነገረው፤ እስከ ዛሬም ስናደድ በየትኛው እንደምሳደብ አስቀድሜ አላውቅም። ሥራ የጀመርኩት ሻምቡ ላይ በጸሐፊነት ነው። ኮምፒዩተር ሲመጣ አለቆቻችን ከሩቅ አይተውት፣ «ጸሐፊዎቹ ይንኩት፤ ጣታቸው ለምዷል» ብለው ወሰኑ። ባለሙያ የሆንኩት እንግዲህ ሌላው ሁሉ ስለፈራ ነው። ኋላ ስልጠና ላኩን፣ ወረቀትም ሰጡን፤ ደመወዙ ግን ያው የጸሐፊ ሆኖ ብዙ ቆየ።

ከሻምቡ ጊምቢ ተዛወርኩ። የጊምቢው አለቃዬ ኮምፒዩተሩን ዳንቴል አልብሶ፣ ክፍሉን ቆልፎ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ የሚገባው በአንድ ተጠቃሚ ስም ነው፤ ያውም የፈለገውን ለማጥፋት ሥልጣን ባለው። የይለፍ ቃሉ የአለቃችን የመጨረሻ ልጅ ስም ስለነበር ሚስቱ ልጁን ከደጅ ስትጣራ ግቢው ሁሉ ይሰማዋል። አንድ ቀን የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ጠፋ። ማን አጠፋው ቢባል ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አለቃችን። ሰውዬው ራሱን ሊከስ ምንም አልቀረውም። ለእያንዳንዳችን የየራሳችን አካውንት እንዲከፈት የፈቀደው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያውም እያጉረመረመ።

አርጆ ላይ ደግሞ ምንም የማይጠይቅ አለቃ ገጠመኝ። ምን እንደምሠራ ሰው ቢጠይቀው፣ «አዴ ውብነሽ ካለች አለች ነው» ብሎ ወደ እኔ ይልካል። ደግ ሰው ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ከዳንቴሉ ሰውዬ ያላነሰ አስቸግሮኛል፤ ስሳሳት የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝምና። እናቴ ስትታመም አርጆን ለቅቄ ነቀምቴ ገባሁና ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ውስጥ በአንድ የአካባቢ ሬዲዮ ጣቢያ ተቀጠርኩ። ስሳሳት የሚነግረኝን ሰው ያገኘሁት እዚያ ነው።

የሙያ አባት ሲባል ሰው ሽበታም ያስባል። የእኔው ፉፋ ይባላል፣ በዕድሜ ታናሼ ነው። እኔ ለማሾፍ «ኦቦ ፉፋ»፣ አቶ ፉፋ፣ እለዋለሁ፤ እሱ «አዴ»፣ ወይዘሮ፣ ሲለኝ ከልቡ ነበር። በጣቢያው የቴክኒክ ክፍል ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ኃላፊው እሱ፣ የሚያጉረመርመው ሠራተኛ እኔ ነበርን።

ኮምፒዩተሮቻችን በሊነክስ የሚሠሩ ነበሩ። ሊነክስ ውስጥ ተጠቃሚ ሁሉ ሰው አይደለም። ድምፅ የሚቀዳው ፕሮግራም የራሱ አካውንት አለው፣ ስርጭቱን የሚያወጣውም የራሱ አለው። እነዚህ የሲስተም ተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል የላቸውም፣ በስማቸው ገብቶ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ የሚቀመጥ የለም፣ የዓመት ፈቃድም አይጠይቁም። ጥቅማቸው አጥር መሆናቸው ነው፤ አንዱ ፕሮግራም ቢበላሽ ወይም ክፉ ሰው ቢገባበት እጁ ከራሱ ፋይሎች አያልፍም። እነሱን የሚፈጥራቸው የፕሮግራሙ ጥቅል፣ ፓኬጁ፣ ሲጫን አብሮ የሚሮጠው የመጫኛ ስክሪፕት ነው፤ ስክሪፕት ማለት ማሽኑ ተራ በተራ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ለእያንዳንዱም ቁጥር ይሰጠዋል። ስሙ ለእኛ ለሰዎች ነው እንጂ ማሽኑ ፋይሉ ላይ ባለቤት ብሎ የሚጽፈው ቁጥሩን ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ፉፋ አንድ የማይለቅ ልማድ ነበረው። ስክሪፕት ከመሮጡ በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንዳችን እናነባለን፣ ሌላችን ማሽን ሆነን የታዘዝነውን ብቻ እንፈጽማለን። ማሽን ሲሆን የሚያሳየው ድንቁርና ልክ አልነበረውም።

«ለመቅጃው ተጠቃሚ ፍጠር» ብዬ አነባለሁ።

«ትናንት ፈጥሬያለሁ፤ አሁን ምን ላድርግ? ልሙት?» ይለኛል ዓይኑን አፍጥጦ።

እንዲህ እያለ ነው፣ ከመፍጠሬ በፊት ተጠቃሚው መኖሩን መጠየቅ እንዳለብኝ ያስተማረኝ። ስክሪፕት ደግሞ ደጋግሞ ቢሮጥም ምንም ማበላሸት የለበትም። ቁጥሩን በእጅሽ አትምረጪ፣ ማሽኑ ከነፃዎቹ ይስጥ፣ ይለኛል። የመግቢያ በሩን ዝጊበት። የፕሮግራሙን ፋይሎች ባለቤትነት አትስጪው፣ የሚጽፍበትን ፎልደር ብቻ ስጪው፤ ራሱን ማረም የሚችል ፕሮግራም አይታመንም። እነዚህን ሁሉ ሳላነብ በጨዋታ ነው የተማርኳቸው። የጣቢያው ሰዎች በመስኮት ሲያዩን ሁለት ጎልማሶች ቲያትር የምንለማመድ ይመስላቸው ነበር።

ሌላው ልማዱ መጥረግ ነው። ፉፋ ያደገው በኪራይ ቤት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተዛወሩ ነው። እናቱ ቤት ሲለቁ ወለሉን ጠርገው፣ ምስማሩን ነቅለው፣ የምስማሩን ቀዳዳ በጭቃ ደፍነው ነበር ቁልፍ የሚመልሱት። ከኋላ የሚገባው ሰው የእኛን ኮተት አያንሳ፣ ይሉ ነበር አሉ። ፉፋም እንደዚያው ነው። የትም ሄደን ሠርተን ስንመለስ የተላጠ የሽቦ ፕላስቲክ ሳይቀር ለቅሞ በኪሱ ያስገባል፣ የተዋሰውን ወንበር ራሱ ተሸክሞ ይመልሳል። የጻፋቸው ማራገፊያ ስክሪፕቶችም ይህንኑ ይመስሉ ነበር። ፕሮግራሙን ያቆማሉ፣ ቅንብሩን ያነሳሉ፣ ለፕሮግራሙ ተብሎ የተፈጠረውን ተጠቃሚም ይሰርዛሉ። የተቀዳውን ድምፅ ግን አይነኩም፤ «እሱ የሰዎቹ ነው» ይል ነበር ፉፋ። እኔ ሳነበው ንጽሕናው ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በዚያው በወለጋ የኪራሙ ወረዳ ሰላም ሲያጣ ሰው ተበተነ። እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ ሆነ። ጣቢያችን ያኔ «ኤሳ ጅርታ» የሚል ፕሮግራም ጀመረ፣ የት ነህ ማለት ነው። የምታዘጋጀው ለሊሴ የምትባል ጋዜጠኛ ነበረች። ዘመድ የጠፋበት ሰው እየመጣ በኦሮምኛም በአማርኛም ለጠፋበት ሰው ይናገራል፣ እኛ እንቀዳለን፣ ይተላለፋል። ለሊሴ እያንዳንዱን ሰው እጁን ይዛ ነው የምታስቀምጠው። ኢንተርኔት ብዙውን ጊዜ ስላልነበረ የተቀዳው ሁሉ የሚቀመጠው እኛው ቤት፣ አንድ ዲስክ ላይ ነበር። ሌላ ዲስክ ጠዋት ጠዋት ከዋናው ጋር እየተመሳሰለ ቅጂ ይይዛል።

ከጊዜ በኋላ አሮጌውን መቅጃ አራግፈን፣ ከአድማጭ የሚመጣ የስልክ መልእክትም የሚቀበል አዲስ ፕሮግራም ጫንን። በልማዳችን ሁለቱንም ስክሪፕቶች ጮክ ብለን አነበብን። ማራገፊያው ምንም እንከን አልተገኘበትም። መጫኛውም ምንም አልተገኘበትም። ችግሩ በሁለቱ መካከል ነበር የተኛው፤ ሁለቱን አያይዘን አላነበብናቸውም።

ሰይድ የመጣው አንድ ጠዋት ነው። ትከሻው ሰፊ፣ ጫማው የመንገድ ጭቃ ያልለቀቀው ገበሬ ነው፤ ቤተሰቡ ድሮ ከወሎ መጥቶ ኪራሙ የሰፈረ። ኮፍያውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

«እንዴት አደራችሁ። እናቴ እዚህ ቀርባ ተናግራ ነበር አሉኝ። ዘሐራ ትባላለች። እኔን ስትፈልግ ነው የተናገረችው። እኔ ዓባይ ማዶ ነበርሁ፣ ሬዲዮናችሁ እዚያ አይደርስም። አሁን መንገዱ ተከፍቶ ብመጣ ቀብረዋት ደረስሁ። እናንት ዘንድ ድምጿ ካለ፣ በአላህ፣ አንዴ ብታሰሙኝ።»

ለሊሴ ከወንበሯ ተነሳች። «ሀዳ ሰይድ! የሰይድ እናት! ሰይድ አንተ ነህ?» ብላ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው። «አሁኑኑ ትሰማለህ። አዴ፣ አውጪለት።»

ፎልደሩን ከፈትኩ፣ ባዶ ነው። የቀደመውን ወር ከፈትኩ፣ እሱም ባዶ። የቀሩት የቅርብ ጊዜ ቀረጻዎች ብቻ ናቸው። የፎልደሮቹን ባለቤት አየሁ። አሮጌው ተጠቃሚ ስለተሰረዘ ስም የሌለው ቁጥር ብቻ መታየት ነበረበት። የታየው ግን የአዲሱ ፕሮግራም ስም ነው። አሮጌው ተጠቃሚ ሲሰረዝ ቁጥሩ ነፃ ሆነ፤ አዲሱ ሲፈጠር ማሽኑ ያንኑ ነፃ ቁጥር ሰጠው። የ«ኤሳ ጅርታ» ድምፆች በሙሉ ያ ቁጥር ተጽፎባቸው ስለቆዩ ማንም ሳያወርሰው የአዲሱ ፕሮግራም ንብረት ሆኑ። አዲሱ ደግሞ ዲስኩ እንዳይሞላ ዲስኩን ሁሉ እያሰሰ የራሱ የሆኑትንና የቆዩትን ፋይሎች የሚያጠፋ ነበር። አጠፋቸው። ቅጂው ዲስክም ዋናው ላይ የጠፋውን እየተከተለ አጠፋ።

ሰይድን «ነገ ተመለስ፣ ትንሽ ችግር አለ» አልነው። እሺ ብሎ ሄደ። ፉፋ ስክሪኑን አየ። ዲስኩን ከሥራ አውጥተን የጠፋ ፋይል የሚፈልግ መሣሪያ አስሮጥንበት። ጣቢያው በየቀኑ ስለሚቀዳ ብዙው ቦታ በሌላ ተጽፎበታል። የተመለሰልን የበቆሎ ዋጋ፣ ግማሽ ዘፈን፣ የለሊሴ ሳቅ ነው። ሰይድ በየጠዋቱ እየመጣ በረንዳው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፣ አያስቸግርም፣ አይጠይቅም። እንዲያ ዝም ብሎ ሲጠብቅ ማየት አቃተኝና ንዴቴን ፉፋ ላይ ጣልኩት።

«አንተና መጥረግህ!» አልኩት። «ምስማሩ ቢቀር ምን ነበረበት?»

ፉፋ ወደ ማሽኑ ዞሮ ማራገፊያ ስክሪፕቱን ከፈተ። ሲጨርስ፣ «አዴ፣ ማሽን ሁኚ» አለኝ። አኩርፌም ቢሆን ሆንኩለት። በዚህ ጊዜ መጫኛውንም ማራገፊያውንም፣ ከኋላ የሚገባውንም አያይዞ አነበበ።

«ፕሮግራሙን አቁሚ።»

«አቆምኩ።»

«ቅንብሩን አንሺ።»

«አነሳሁ። ተጠቃሚውን ልሰርዝ?»

«አትሰርዢ። የመግቢያ በሩ እንደተዘጋ ይቆይ፣ ስሙም ቁጥሩም ይቆይ። የጻፈው ነገር ዲስክ ላይ እስካለ ድረስ ማንም ያን ቁጥር አይውሰድ።» የአዲሱን ፕሮግራም ማጽጃም የስልክ መልእክት ከሚቀመጥበት ፎልደር እንዳይወጣ አሰረው። ያኔ ንዴቴ በረደ፤ አዘንኩለት። ዕድሜውን ሁሉ ለሰው ሸክም ላለመሆን የተጠነቀቀ ሰው፣ ሰው የጎዳው በዚያው ጥንቃቄው ነበር።

ተስፋ ስንቆርጥ ሥራ አስኪያጁ ጠራን። ክፉ ሰው አይደለም፤ የጣቢያው ስም አሳስቦት ነው። «ቫይረስ በላው በሉት፤ ወይ መብራት ነው በሉት» አለን። ይህ በእኛ አገር ሁሉም የሚቀበለው ምክንያት ነው፤ መብራት ያልተሳበበበት ጥፋት የለም። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ሰውዬው ያዝናል፣ መብራቱን ረግሞ ይሄዳል፣ እኛም እናርፋለን ብዬ ነበር።

ፉፋ ግን አልተስማማም። «መብራት ካልኩት መብራቱ ሲመጣ ድምፁም ይመጣ እንደሆን ብሎ ይጠብቃል» አለና ወጣ። አግዳሚው ላይ ከሰይድ ጎን ተቀመጠ። እኔና ለሊሴ በሩ ላይ ቆምን።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» አለው። «የእናትህ ድምፅ የለም። መብራት አይደለም፣ ሌባም አልወሰደውም። እኔ የጻፍኩት ትእዛዝ ነው ያጠፋው። ሆነ ብዬ አይደለም፣ ግን የእኔ ነው። የምንችለውን ሞከርን፣ አይመለስም። ይቅር በለኝ።»

ሰይድ ይጮህበታል ብዬ ጠበቅሁ፣ ቢጮህበትም አልፈርድበትም ነበር።

«አትጠብቅ ማለትህ ነው» አለ ሰይድ።

«አዎ። አትጠብቅ።»

«እንግዲያ ምን ብላ እንደነበር የሚያውቅ አለ?»

ለሊሴ መጥታ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች። ስንት ሰው ቀድታለች፤ ሁሉን ልታስታውስ አትችልም፣ የማታስታውሰውን ፈጥራ ልትነግረውም አልፈለገችም። የያዘችውን ብቻ ነገረችው። እናቱ ነቀምቴ መድረሷን፣ ዘመድ ቤት መጠጋቷን ተናግራለች። ለቤቱና ለከብቱ ብለህ እንዳትመለስ፣ ብላዋለች። ቀረጻው አልቆ ስትነሳ ደግሞ ማይኩን እያየች ለሊሴን ጠየቀቻት።

«‹መስማቱን በምን አውቃለሁ?› አለችኝ» አለች ለሊሴ። «‹ከሰማ ይመጣል ወይ ይደውላል› አልኳት። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ እየመጣች ‹ደወለ?› ትለኝ ነበር። እስክትታመም ድረስ።»

ሰይድ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ፉፋም አለቀሰ፣ ከአጠገቡ ሳይነሳ። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ለቅሶዬን ሰው እንዲያይብኝ አልወድም።

ስመለስ ሰይድ ቆሟል። ከለሊሴ ጋር ይነጋገራል።

«የተናገረችበት ክፍል የቱ ነው?» አላት። አሳየችው።

«ሰው እዚያ ገብቶ ቢናገር ትቀዱታላችሁ?»

«እንቀዳለን።»

«እኔስ?»

ለሊሴ እኛን አየችን። ፉፋ ተነሳና ወደ መቅጃው ሮጠ። ማይኩን ራሱ አስተካከለለት፣ ድምፁን ሞከረ፣ ከዚያ እኔ አጠገብ መጥቶ ፋይሉ በየትኛው ተጠቃሚ ስም እንደሚቀመጥ በጣቱ አሳየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ያ ፋይል ዛሬም እዚያው አለ፤ በእኔ ቦታ የተተካው ሰው ሊሰርዘው ያሰበው ተጠቃሚ ባለቤቱ ነው።

በመስታወቱ ወዲያ ሰይድ እናቱ የተቀመጠችበት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ለሊሴ ጀምር ብላ በእጇ ምልክት ሰጠችው። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ፣ ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ ሰይድ ነኝ» አለ። «ነቀምቴ ደርሻለሁ። ሰምቼሻለሁ።»